የኮንሰልቲንግ ክለባችን ለምን ቀዘቀዘ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ከጓደኞቼ ጋር የኮንሰልቲንግ ክለብ አቋቁመናል። ዓላማችን አባላትን ለአማካሪነት ሥራ ማዘጋጀት ነው። የውጭ ትምህርት ቤቶችን የኬዝ መጽሐፍ (ኬዝ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚሰጥ፣ እየተነጋገሩ የሚፈቱት የቢዝነስ ችግር ነው) አውርደን ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመዳለን። መጀመሪያ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ሚያዝያ ላይ የምንመጣው ጥቂት ነን። ምን ጎደለን? ትልልቅ ኩባንያዎችን ብንጋብዝ ይነቃቁ ይሆን? የአባልነት ክፍያስ ብናስከፍል?

ምላሽ፦ እንኳን ጀመራችሁት። ጥቅምት ላይ አዳራሽ የሞላ ክለብ ሚያዝያ ላይ ጥቂት ሰው ቢቀረው ብርቅ አይደለም፤ የግቢ ክለብ ሁሉ እንዲያ ነው። የእናንተ ግን የራሱ ምክንያት ያለው ይመስለኛል።

ከመጽሐፉ ልጀምር። እንደ እነዋርተን፣ ኬሎግ፣ ኢንሲያድና ለንደን ቢዝነስ ስኩል ባሉ የውጭ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ያሉ ክለቦች የኬዝ መጽሐፍ የሚያዘጋጁት ለአንድ ዘመቻ ነው። አሜሪካ ያለ የኤምቢኤ ተማሪ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትምህርት ይጀምራል። ወዲያው ኩባንያዎቹ ግቢው ድረስ ይመጣሉ። ያስተዋውቃሉ፣ ቡና ይጋብዛሉ፣ ሲቪ ይቀበላሉ። ጥር አካባቢ ቃለ መጠይቅ አለ። ያለፈው ተማሪ ክረምቱን ኢንተርን ሆኖ ይሠራል፤ ከተወደደ እዚያው ይቀጠራል። ክለቡ የሚፋጠነው ለእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። አለማማጆቹ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቶቹ ናቸው። ባለፈው ክረምት ማኪንዚ፣ ቢሲጂ ወይም ቤይን የሚባሉት ትልልቅ ዓለም አቀፍ አማካሪ ኩባንያዎች ውስጥ ሠርተው የተመለሱ፣ ያችን የተፈታኝ ወንበር በቅርቡ ያዩ ሰዎች። መጽሐፉን ስታወርዱ እነሱ አብረው አይወርዱም። እናንተ ጋ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ገበያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰልታንት የሚቀጥረው ገበያ ሁለት ነው። አንዱ የማኪንዚና የዳልበርግ ዓይነቱ ዓለም አቀፍ አማካሪ ኩባንያ ነው። ሁለቱም እዚሁ ከተማ ቢሮ ከፍተዋል፤ የሚቀጥሩት ግን በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ለዚያች ቦታ ደግሞ ውጭ ተምሮ የመጣውም ይወዳደራል። እዚህ የኬዝ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ልምምዳችሁ በቀጥታ ይጠቅማል። ሌላው ገበያ ሰፊው ነው። ፈርስት ኮንሰልትና ፕሪሳይስ የሚባሉ የአገር ውስጥ አማካሪዎች አሉ። የእነዴሎይት የማማከር ክፍል አለ። ከዚያ ደግሞ ሦስትም አራትም ሰው ይዘው ጋዜጣ ላይ በሚወጣ ጨረታ የሚኖሩ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። እዚህ የሚፈለገው ቲኦአር (አሠሪው ምን እንደሚፈልግ የሚዘረዝርበት ሰነድ) አንብቦ የሚገባው፣ ፕሮፖዛል የሚጽፍ፣ መጠይቅ የሚያዘጋጅ፣ የተዝረከረከ ዳታ የሚያጸዳ፣ ሪፖርቱን በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ልጅ ነው። ባንኮች የስትራቴጂ ክፍላቸው ውስጥ የሚፈልጉትም ይህንኑ ልጅ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ዓይነት ተቋምም እንዲሁ።

ስለዚህ አባሎቻችሁ የቀሩት ሰንፈው አይመስለኝም። ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉ ላይ ስላለ የአሜሪካ ኦሃዮ የውሻ ምግብ ፋብሪካ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሰኞ የወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ሲያዩ የሚጠይቀው ሌላ ነው። እኔም ብሆን እቀራለሁ።

ኬዝን ተዉት እያልኩ አይደለም። ግማሹን ጊዜ ስጡት፤ ኬዞቹንም እዚሁ አገር አምጧቸው። ቀሪውን ግማሽ ለሥራው ራሱ ስጡት። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

አንድ ኬዝ እንውሰድ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ባለ 60 ክፍል ሪዞርት ትርፉ በሁለት ዓመት ውስጥ ወረደ። ባለቤቱ ምክር ይፈልጋል። ከተለማማጆች አብዛኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «ትርፍ ማለት ገቢ ሲቀነስ ወጪ ነው። ገቢ ደግሞ ዋጋ ሲባዛ በብዛት ነው።» ስህተት የለውም። ግን ስለ ቢሾፍቱ ምንም አላለም። ለጫማ ፋብሪካም፣ ለአየር መንገድም ያው ነው። ቀጥሎ ወዲያው መፍትሔ ይመጣል፦ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ፣ ቅናሽ፣ «ብራንዲንግ»። ቃለ መጠይቅ አድራጊው እዚህ ጋ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ጎበዟ ልጅ ዝም ብላ ትንሽ ታስባለች። ከዚያ እንዲህ ትጠይቃለች፦ «ቅዳሜና እሁድ የሚመጣው እንግዳና ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚያድረው እንግዳ አንድ ናቸው?» ይህች ጥያቄ ኬዙን ትከፍተዋለች። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቃል። በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቤተሰብ፣ ሙሽራና ጥንድ ነው። በሥራ ቀን ክፍሉን የሚሞላው ግን ዎርክሾፕ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ የኤንጂኦ ሥልጠና። ኬዝ ሰጪው ይህን ጊዜ ቁጥሩን ያወጣል፦ ቅዳሜና እሁድ እንደ ድሮው ሙሉ ነው። በሥራ ቀን ግን በአማካይ 40 ክፍል ይያዝ የነበረው አሁን 15 ሆኗል። የአንድ ክፍል የአዳር ዋጋ 4,000 ብር ነው።

አሁን ሒሳቡ ይሠራል። የጎደለው 25 ክፍል ነው። በሳምንት አራት ሌሊት፣ በዓመት 52 ሳምንት። 5,200 አዳር ይሆናል። በ4,000 ሲባዛ 20.8 ሚሊዮን ብር። ምሳው፣ ሻይ ቡናው፣ የአዳራሹ ኪራይ ገና አልተቆጠረም። ባለቤቱ «የቅዳሜና እሁድን ዋጋ 10 በመቶ ልጨምር» ቢልስ? 60 ክፍል፣ ከዓርብ እስከ እሁድ ሦስት ሌሊት፣ 52 ሳምንት፤ 9,360 አዳር። በ400 ብር ሲባዛ 3.7 ሚሊዮን ብር ግድም። እሱም አንድም እንግዳ ካልቀረ ነው። ቀዳዳው በዚህ አይደፈንም። ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ ዎርክሾፖቹ የት ሄዱ የሚለው ነው። መሥሪያ ቤቶች በጀት ስለተቆረጠባቸው ስብሰባውን ከተማ ውስጥ አደረጉት? ወይስ አዳማና ሐዋሳ አዲስ አዳራሽ ተከፍቶ ወሰዳቸው? የመጀመሪያው ከሆነ ማስታወቂያ አያመጣቸውም፤ ሌላ የሥራ ቀን ደንበኛ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ዋጋና አዳራሽ ይፈተሻል።

ቁጥሮቹን ለልምምድ ያህል እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ነገሩ ግን አባሎቻችሁ የሚያውቁት ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ጥያቄ ማንሳት የሚችሉት። ስለ ኦሃዮ የሸቀጥ መደብር ሲጠየቁ የሚያወሩት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ለሁሉም የሚሆን የመተንተኛ ቀመር ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያውቁት የለማ። መጀመሪያ በሚያውቁት ነገር ማሰብን ይልመዱ። የውጭው ኬዝ በኋላ ይደርሳል፤ ለማኪንዚና ለዳልበርግ የሚያመለክት ሰው መቼም አይቀርለትም።

የገበያ ግምትም እንዲሁ ነው። «አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንት እንጀራ ይሸጣል?» በሉና ስጧቸው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከተማው 2.7 ሚሊዮን ግድም ሕዝብ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊዮን ብላችሁ ተነሡ፤ ማንም አይጣላችሁም። በአንድ ቤት አራት ሰው ብንል 1 ሚሊዮን ቤት አለ። ከአሥሩ ስድስቱ ራሱ ይጋግራል፤ አራቱ ይገዛል እንበል። 400 ሺህ ቤት፣ በቀን አምስት እንጀራ፤ 2 ሚሊዮን። ምግብ ቤቱና ሆቴሉ ደግሞ 10 ሺህ ሆኖ እያንዳንዱ 100 ቢገዛ ሌላ 1 ሚሊዮን። ድምሩ 3 ሚሊዮን።

ብዙዎቹ እዚህ ያቆማሉ። ነጥብ የሚያስገኘው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ቁጥር ያስኬዳል? ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ጋጋሪ በቀን 300 ታወጣለች ብንል 10 ሺህ ጋጋሪ ያስፈልጋል። ከተማው ወደ 120 ወረዳ አለው። ለአንድ ወረዳ 80 ምናምን ጋጋሪ ይደርሳል። መቶ ቤት ላይ አንዷ ማለት ነው። ሰፈራችሁን አስቡ። ያስኬዳል። ለአንድ ወረዳ 800 ጋጋሪ ቢወጣ ኖሮ የሆነ ቦታ ዜሮ ጨምረናል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ግምቱን የምታርመው ትክክለኛዋ ባለሙያ ጋጋሪዋ ናት። ከቅዳሜው ልምምድ በኋላ አንድ ሁለት ልጅ ልካችሁ በቀን ስንት እንደምታወጣ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ስንት እንደሚወጣት ጠይቋት። ዴስክ ላይ የተገመተን ቁጥር ወርዶ ማጣራት የአማካሪነት ግማሹ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ክለብ የሚገድለው አንድ ልማድ አለ፤ ይሉኝታ። ልጁ ኬዙን አበላሽቶ ይጨርሳል። ጓደኛው «አሪፍ ነበር፣ ትንሽ ስትራክቸሩን ብታስተካክል» ይለዋል። ሁሉም ያጨበጭባል። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ እንዳልተሻሻለ ራሱ ያውቀዋል፤ በአራተኛው ይቀራል። የውጮቹ ክለቦች ይህን የፈቱት በቅጽ ነው። እናንተም አድርጉት። አንድ ገጽ ወረቀት፤ የችግሩ አደረጃጀት፣ ሒሳብ፣ ድምዳሜ፣ አነጋገር። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፤ ሥር ደግሞ «በሚቀጥለው ጊዜ የምታስተካክለው አንድ ነገር» የሚል መስመር። አንድ ብቻ። ነጥቡን ወረቀቱ ይናገረው፤ አፍ ያፍራል። ወረቀቱን ልጁ ያስቀምጠው፤ በወሩ መጨረሻ ደርድሮ ይየው።

ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልምምዱም በእንግሊዝኛ ይሁን። አስተያየቱን ግን በአማርኛ ስጡ። በእንግሊዝኛ የተሰጠ አስተያየት ሁልጊዜ ጨዋ ይሆንና ምንም ሳይል ያልፋል።

ደግሞ ሁሉም በየተራው ኬዝ ሰጪ ይሁን። ብዙ ክለብ ውስጥ ኬዝ የሚሰጡት መሪዎቹ ናቸው፤ ሌላው ተፈታኝ ነው። ኬዝ ለመስጠት መልሱን ከነመንገዱ ማወቅ ይጠይቃል። ተፈታኙ ሲጠፋ የት እንደጠፋ ማየት ይጠይቃል። እዚያ ወንበር ላይ ደጋግሞ የተቀመጠ ልጅ የራሱን ጥፋት ማየት ይጀምራል። ለማወቅ ያህል፦ ማኪንዚ ውስጥ ጥያቄውን እየመራ የሚሄደው ቃለ መጠይቅ አድራጊው ነው፤ ቢሲጂና ቤይን በአብዛኛው መሪውን ለተፈታኙ ይለቁለታል። ማኪንዚ ከዚያ በፊት ሶልቭ የሚባል በኮምፒውተር የሚሠራ ፈተናም አለው። ሁለቱንም ዓይነት ሞክሩ፤ በዚህ ብዙ አትጨነቁ።

ቀሪው ግማሽ ጊዜ የሚለውን እንዳልረሳው። ጋዜጣ ላይ የወጣ እውነተኛ ቲኦአር ፈልጉ፤ የመነሻ ዳሰሳ ጥናት ወይም የፕሮጀክት ግምገማ ይሁን። አራት አራት ሆናችሁ ቴክኒካል ፕሮፖዛሉን ጻፉ። የምዘናውን ሕግ አንብቡ። በአብዛኛው ሁለት ፖስታ አለ። ቴክኒካሉ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ዝቅተኛውን ነጥብ ያላገኘ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይወድቃል። ያለፉት ደግሞ ለቴክኒካሉ 70 ለዋጋው 30፣ ወይም 80 ለ20 እየተሰጠ ይደመራሉ። ይህን ያልገባው ልጅ ዋጋ በመቀነስ የሚያሸንፍ ይመስለዋል። ከዚያ አንዱ ቡድን የሌላውን ያርመው። የምታዩት ችግር ከወዲሁ ይታየኛል፦ ሁሉም የቲኦአሩን ቃል ገልብጦ «ሜቶዶሎጂ» ብሎታል። ስንት ሰው ትጠይቃላችሁ? የት? እንዴት መረጣችኋቸው? ስንት ቀን ይፈጃል? ይህን የመለሰ ፕሮፖዛል ይነበባል።

ኤክሴልም አለ። ጀማሪ ተንታኝ ስቀጥር መጀመሪያ የምሰጠው ፈተና የተበላሸ ፋይል ነው። የአንድ ድርጅት የሽያጭ መዝገብ፣ ግማሹ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወላጅ ኩባንያው ደግሞ ከጃንዋሪ ይቆጥራል። አንዱ «ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው ምንም አላለም። ይህን ሳያስተውል ቻርት የሠራ ልጅ ሽያጩ ለሰባት ስምንት ዓመት ተቋርጦ እንደገና እንደጀመረ ይነግረኛል። ያስተዋለ ልጅ መጀመሪያ መጥቶ ይጠይቃል። የተቀጠረው እሱ ነው። ይህን መሰል ፋይል ራሳችሁ አዘጋጁ፤ ማንም የውጭ መጽሐፍ አይሰጣችሁም።

ከዚያ እውነተኛ ደንበኛ። ይህ ዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ኢሴክ የሚባል የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 የጁኒየር ኢንተርፕራይዝን ሐሳብ ጀመሩ፤ ተማሪ የሚያስተዳድረው፣ ለኩባንያ የሚሠራ ድርጅት ማለት ነው። 180 ዲግሪስ ኮንሰልቲንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው፤ ተማሪዎቹ የሚያማክሩት በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ነው። እናንተ በትንሹ ጀምሩ። አንድ ባልትና፣ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር፣ አንድ ዳቦ ቤት። አንድ ጥያቄ፣ ስድስት ሳምንት። ሁለቱም ወገን የሚፈርምበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይኑር፤ ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ ያያችሁትን ቁጥር ለማንም እንደማታወሩ።

ባልትናዋ መዝገብ የላትም እንበል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የእናንተ ሥራ ሁለት ሳምንት ደብተር ይዛችሁ እዚያ መቀመጥ ነው። ምን ተሸጠ፣ በስንት፣ ለማን። ከዚያ ለአንድ ኪሎ በርበሬ ዛላው፣ ቅመሙ፣ ማስፈጫው፣ የለቃሚዋ ቀን ስንት እንደሚፈጅ ቁጭ ብሎ ማስላት። ብዙ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ የሚያተርፈው ላይሆን ይችላል። ይህን ለሴትዮዋ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ያለ ፓወር ፖይንት ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ባንክም ኤምባሲም ፊት ማስረዳት አያቅታችሁም። ሲቪ ላይ ስትጽፉትም «የክለብ አባል» ከሚለው እጅግ ይበልጣል።

ሲቪ ካልኩ አይቀር፦ አንድ ገጽ። የትዳር ሁኔታ፣ የልደት ቀን፣ «ትርፍ ጊዜዬን መጽሐፍ በማንበብ» ይውጡ። እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሠራችሁና ምን እንደተለወጠ ይናገር። ቁጥር ካለ ቁጥሩ ይግባ። የሌለ ቁጥር አትፍጠሩ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ትልልቅ ኩባንያ እንጋብዝ ወይ ላላችሁት፣ ጋብዙ፤ ግን ሥራ አስኪያጁን አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ይመጣል፣ ስለ ራእይ ይናገራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። የምትፈልጉት ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ተንታኝ ነው። የተጠየቀውን ፈተና ያስታውሳል። ደሞዙን፣ የሚያመሽበትን ሰዓት፣ መስክ ሲወጣ የሚያጋጥመውን ይነግራችኋል። ከግቢያችሁ የተመረቀ ከሆነ ደግሞ አባሎቻችሁ «እኔም እችላለሁ» ይላሉ። ንግግር አታስደርጉት። አንድ ኬዝ እንዲሰጥ ለምኑትና ሌላው ተቀምጦ ይይ። በየወሩ አንድ ሰው ይበቃል። እናንተም ስትመረቁ ያንን ወንበር ለሚቀጥሉት ተመልሳችሁ ሙሉት። መጽሐፉ ሲወርድ አብረው ያልወረዱት ሁለተኛ ዓመቶች የሚገኙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከባዱን ሥራ መስከረምና ጥቅምት ላይ አድርጉት። አራተኛ ዓመቶች ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሰኔ ሲቃረብ ማንም ስለ እንጀራ ብዛት መስማት አይፈልግም። ሚያዝያ ላይ የቀዘቀዘው ክለብ ግማሹ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ሰውም አያስፈልጋችሁም። በየቅዳሜው የሚመጣ አሥራ ሁለት ሰው በስድስት ጥንድ ይከፈላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም አንዴ ይፈተናል፣ አንዴ ይፈትናል። ሠላሳ ሲሆን ሁለት ሰው ይናገራል፣ ሃያ ስምንቱ ስልኩን ያያል።

ክፍያው ላይ፦ ትንሽ አስከፍሉ። ለፎቶኮፒና ለትራንስፖርት የሚሆን እንጂ ማንንም የሚያስቀር አይሁን። የተሻለ ሐሳብ ግን አለኝ። ሰው ሲመዘገብ የተወሰነ ብር ያስይዝ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከተስማማችሁበት ቁጥር በላይ ኬዝ የሰጠ ሰው ብሩን መልሶ ይውሰድ። የተፈተነ አላልኩም፤ የሰጠ። ያልሰጠው ሰው ብር ባልትናዋ ጋ ለሚሄዱት ልጆች ታክሲ ይሁን።